በፎቶግራፍ ክበብ ውስጥ አስተያየት ስለ መስጠትና ስለ መቀበል

በክበባችን ስብሰባ አንድ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ በታየ ጊዜ ከተሰብሳቢው አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ቆንጆ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ሰው «እኔም ወድጄዋለሁ» ይላል። ሦስተኛው ዝም ይላል፤ አራተኛው ደግሞ «ፊቱ ጠቁሯል» ብሎ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው ፎቶግራፍ ይመጣል። ቅዳሜን ሙሉ ቀን ሲደክም የዋለው ተማሪ ይዞ የሚሄደው አንድ ምስጋናና አንድ ነቀፋ ነው፤ ምስጋናው ምኑን እንዳመሰገነ፣ ነቀፋውም ከምን እንደ መጣ ግን አልተነገረውም።

ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ክበብ ማለት ካሜራ የሌለው ካለው የሚዋስበት ስፍራ ብቻ አይደለም። በገንዘብ ከፍለን ፎቶግራፍ ማንሣትን ለመማር ለማንችል ተማሪዎች፣ ሌላ ሰው ሥራችንን ተመልክቶ ያየውን የሚነግረን እዚህ ብቻ ነው። በዚህ ስፍራ «ቆንጆ ነው» ብቻ የሚባል ከሆነ፣ አዲስ ገቢው በመጀመሪያው ወር ያነሣ የነበረውን ፎቶግራፍ በአራተኛው ዓመትም ያንኑ ያነሣል። «ይህ ደግሞ ምን ፎቶ ነው?» ብቻ የሚባል ከሆነ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። ደፋሩ ስድቡን ችሎ ይቆያል፤ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጠንቃቃው ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ጠንቃቃ ዓይን ነው።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ስንነሣ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። «ሒስ» ብንል፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ሒስና ግለ ሒስ» እየተባለ ሰው በስብሰባ ላይ በጓደኛው፣ አንዳንዴም በራሱ ላይ እንዲመሰክር ይደረግ ስለ ነበር፣ በዕድሜ የገፉት ወላጆቻችን ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። «ግምገማ» ብንልም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደውን ሰው የሚመዘንበትን ስብሰባ ያስታውሳል። በሁለቱም ቢሆን በመካከል የሚቀመጠው ሰውየው ነው። በፎቶግራፍ ክበብ ግን በመካከል መቀመጥ ያለበት ፎቶግራፉ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «አስተያየት» እንላለን። ቃሉ ማየት ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ ለጉዳያችን እጅግ ይስማማል፤ አስተያየት ሰጪ መጀመሪያ ያየ ሰው ነው ማለት ነውና።

በአገራችን ሥራን የማረምና እርማትን የመቀበል ልምድ የለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ ቅኔ ቤት አልሰሙም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ በጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ አንዳንድ ጊዜ ሊቆጣ ይችላል፤ ነገር ግን «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» በሚል አንድ ቃል ብቻ አያሰናብተውም። ቤቱ የት እንዳልመታ፣ ዜማው የት እንደ ጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር የት እንዳልገጠመ ያሳየዋል፤ ያቀናለታልም። ተማሪውም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። እርግጥ ነው፣ በክበባችን መምህር የለም። ሁላችንም ተማሪዎች ነን፤ አንዱ ሌላውን ቢበልጠው በሁለት ዓመት ልምድ ነው። ነገር ግን ጉድለትን በስፍራው የማሳየትና ሌላ ሠርቶ የመምጣት ልማድ ለእኛም የሚሆን ነው።

እንግዲህ «ፊቱ ጠቁሯል» ወደሚለው እንመለስ፤ ይህን አስተያየት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ እንሰማዋለንና። በተለይ የሚበዛው በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ ነው። በጃን ሜዳ ሕዝቡ ነጭ ለብሷል፤ ፀሐዩም ብርቱ ነው። አንድ ጓደኛችን ነጠላ የተከናነቡ እናት አቅርቦ ያነሣል፤ ነጠላው ከፎቶግራፉ ሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ይዟል። በካሜራው ውስጥ የሚገኘው የብርሃን መለኪያ ነጠላ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደማመር መካከለኛ ግራጫ መሆን እንዳለበት ነው፤ ይኸውም በተለምዶ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶውን ይመልሳል የሚባለው ግራጫ ነው። ስለዚህ መለኪያው ነጩን ነጠላ ግራጫ ለማድረግ ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ነጠላው አመድ ሲመስል የእናትየዋ ፊት ከዚያ በታች ወርዶ ጨለማ ይገባል። አዳዲሶቹ ካሜራዎችና ስልኮች ፊትን ለይተው ለማወቅ ይሞክራሉ፤ ፊቱ በነጠላ በተሸፈነ ጊዜ ግን እነርሱም ሊስቱ ይችላሉ።

ለዚህ ተማሪ «ፊቱ ጠቁሯል» ያለው ሰው እውነት ተናግሯል፤ ግን ተማሪውም ይህን አይቶታል። «አንተ ብርሃን መመጠን አትችልም» ያለው ደግሞ ስለ ተማሪው ተናገረ እንጂ ስለ ፎቶግራፉ ምንም አልተናገረም። አሁን ሌላ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ይላል እንበል፤ «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በነጠላው ጥለት ላይ ነው። ዓይኖቻቸውን ፈለግሁ፤ አላገኘኋቸውም። ነጠላው ራሱ ነጭ ሳይሆን አመድማ ሁኗል፤ ስለዚህ መለኪያው በነጩ የተታለለ ይመስለኛል። አንድ ስቶፕ ብትጨምርስ?» ይህን የሰማ ተማሪ በሚመጣው ሳምንት የሚያደርገው ነገር አለው። የሻተሩ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ የነበረ እንደ ሆነ ወደ 1/250 ያወርደዋል፤ ወይም አፐርቸር የሚባለውን የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6 ይከፍተዋል። በስልክ የሚያነሣ ከሆነም ጣቱን ፊቱ ባለበት ስፍራ ላይ አሳርፎ ብርሃኑን ያስተካክላል። መለኪያውን ማመን ያቃተው ሰው የራሱን መዳፍ በዚያው ፀሐይ ውስጥ ዘርግቶ ከመዳፉ ላይ ለክቶ አንድ ስቶፕ ቢከፍት ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የቆዳችን ቀለም ቢለያይም የመዳፋችን ንጣት እጅግ የሚቀራረብ ነውና።

ነገር ግን መካሪው የምክሩን ዋጋ ጭምር መናገር አለበት። ብርሃኑ ሲጨመር የነጠላው ፈትል ሊጠፋና ባዶ ነጭ ሁኖ ሊቀር ይችላል። ፊቱ ይዳን ወይስ ነጠላው? ይህን የሚወስነው አንሺው ነው። ምናልባትም ከሁሉ የሚሻለው ፀሐዩ እስኪበርድ መጠበቅ ወይም ሰው በድንኳን ጥላ ሥር ሲያልፍ ጠብቆ ማንሣት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳንጠቅስ የማናልፈው ነገር አለ። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት በፎቶግራፍ ላይ በተበላሸ ጊዜ ጥፋቱ ሁልጊዜ የአንሺው አይደለም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልክ የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የታተመበት ነበረ፤ ቆዳቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሴቶች አብረው የታዩበት ካርድ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሌላው ደግሞ ፕሮጀክተሩ ነው። መጋረጃው በደንብ ካልተዘጋ ጥቁሩ ሁሉ ይገረጣል፤ አምፖሉ ያረጀ እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉም ይጨልማል። ስለ ብርሃን አስተያየት ለመስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፎቶግራፉን በአንሺው ካሜራ ላይ ወይም በወረቀት ታትሞ ይመልከተው። የፕሮጀክተርን ኃጢአት በተማሪ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ከዚህ ቀጥለን ስለ ቅደም ተከተሉ እንናገር። አስተያየት ሰጪ መጀመሪያ የሚናገረው ያየውን እንጂ የፈረደውን አይደለም፤ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ ወዴት እንደ ሄደ፣ በየትኛው ጥግ በኩል ከፎቶግራፉ እንደ ወጣ። ይህ ለአንሺው ትልቅ ስጦታ ነው። እርሱ የቦታውን ድምፅና ሽታ ስለሚያስታውስ የራሱን ፎቶግራፍ እንደ ሌላ ሰው ሊያየው አይችልም። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይገባል፤ «ምን ለማሳየት ፈልገህ ነበር?»

ይህ ጥያቄ ለጨዋነት ያህል ብቻ የሚቀርብ የሚመስላቸው አሉ። እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንዲት አባል በምሽት በሜክሲኮ አደባባይ ሲያልፍ የነበረ ሚኒባስ ታክሲ አንሥታ አመጣች እንበል። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ነገር ግን ደብዝዟል። የተነሣው በ1/15 ሰከንድ ነው። አንዱ ወዲያው ተነሥቶ «ተንቀጥቅጧል» ይላል። እርሷ የፈለገችው የረዳቱን ፊት የሆነ እንደ ሆነ ምክሩ ፍጥነቱን ወደ 1/250 ከፍ ማድረግ፣ ለዚህም በመብራት አጠገብ መቆም ነው። የፈለገችው የምሽቱን ጥድፊያ የሆነ እንደ ሆነ ግን ምክሩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዚያው በዝግተኛው ፍጥነት ካሜራዋን ከሚኒባሱ ጋር እያዞረች ብታነሣ ሚኒባሱ ይጠራል፤ ከበስተኋላው ያለው ከተማ በመስመር ይፈሳል። ሳይጠይቅ የመከራት ሰው አንዱን ምክር በሌላው ስፍራ ሊሰጣት ይችላል።

ባለሙያዎችም በዚሁ ተሳስተዋል። በስዊስ አገር የተወለደው ሮበርት ፍራንክ በ1955 እና በ1956 በአሜሪካ ምድር እየዞረ ከ27,000 በላይ ፎቶግራፎች አነሣ። ከእነዚያም 83ቱን ብቻ መርጦ በ1958 በፓሪስ፣ በ1959 ደግሞ በአሜሪካ «አሜሪካውያን» በሚል ርእስ መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። በ1960 ፖፑላር ፎቶግራፊ የተባለው መጽሔት የበርካታ ጸሐፊዎቹን አስተያየት ሲያትም አብዛኞቹ ክፉኛ ነቀፉት፤ ደብዝዟል፣ ሻክሯል፣ ብርሃኑ ተዛብቷል፣ አድማሱ ተጋድሟል ብለው። እንደ ፎቶግራፍ ክበብ ደንብ ከተመለከትነው የቈጠሩት ሁሉ በፎቶግራፎቹ ላይ በእርግጥ አለ። ያልጠየቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ያየው አገር በተስተካከለ አድማስና በጠራ ብርሃን ሊታይ ይችል ነበር ወይ? መጽሐፉ በ2009 በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የ50 ዓመቱ ኤግዚቢሽን ተደርጎለታል። ይህን ስንል ግን አድማሱ የተጋደመበት ፎቶግራፍ ሁሉ የሮበርት ፍራንክ ነው ማለታችን አይደለም! በክበባችን ይህን ምሳሌ እንደ ጋሻ የሚይዙ ጓደኞች አሉ። ፍራንክ 83ቱን ለመምረጥ ከ27,000 በላይ የሚሆነውን እንደ ተወ ግን አያነሡም።

ምክንያት የሌለው ፍርድ ምን እንደሚመስል ማየት የሚወድ ሰው የሮይ ስትራይከርን ነገር ይመልከት። ይህ ሰው ከ1935 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የገበሬውን ችግር እያነሡ እንዲያሳዩ የቀጠራቸውን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይመራ ነበር፤ ዎከር ኤቫንስ፣ ቤን ሻን፣ ዶሮቲያ ላንግ በእርሱ ሥር ሠርተዋል። በእነዚያ ዓመታት እርሱና ረዳቶቹ ያልወደዱትን የ35 ሚሊሜትር ፊልም ኔጌቲቭ በመብሻ ይበሱት ነበር። እነዚያ ኔጌቲቮች ዛሬም በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ በገበሬው ፊት ላይ ወይም በሰማዩ መካከል ክብ ጥቁር ነጥብ ይታያል። አንሺዎቹ እጅግ አዝነው ተቃወሙ። ያው ስትራይከር ግን ለአንሺዎቹ ረጃጅም ደብዳቤዎች ይጽፍ ነበር፤ ምን እንዲመለከቱ፣ ምን እንደ ጎደለ ይዘረዝርላቸዋል። ከአንድ ሰው እጅ መብሻም ደብዳቤም ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በክበባችን «አይሆንም» ብቻ ብሎ የሚቀመጥ ሰው መብሻውን ይዞ የመጣ ነው።

ሆኖም የእኛ ችግር ከመብሻው ይልቅ ይሉኝታው ሳይሆን አይቀርም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለአራተኛ ዓመት ተማሪ «የፎቶግራፉ ቀኝ ጎን ባዶ ነው» ማለት ድፍረት ይመስለዋል። ምሳሌያችንም ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እንላለን፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ደግሞ እንላለን። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት በዕድሜም በልምድም ታናሽ የሆነው አስቀድሞ እንዲናገር ማድረግ ነው። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሁሉ «እኔም እንደ እርሱ ነው የማስበው» ይላል። እኅቶቻችን ያነሡት ፎቶግራፍ በታየ ጊዜም «ጎበዝ!» ብቻ ተብሎ የሚታለፈው ንቀት ነው፤ እነርሱም ያውቁታል።

አሁን ወደ ተቀባዩ እንሂድ። የተቀባይ ሥራ ከሰጪው ይከብዳል። በእኛ አስተያየት አንሺው ሁሉም ተናግሮ እስኪያበቃ ድረስ ዝም ቢል ይሻላል፤ «ምን ለማሳየት ፈልገህ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ በአጭሩ ይመልስ። «እዚያ ጋ እኮ አንድ ልጅ ነበረ፤ ከግንዱ በስተኋላ ስለ ነበረ አይታይም» ብሎ የሚያስረዳ ሰው ስለ ሌላ ፎቶግራፍ ይነግረናል። ፎቶግራፉ ወደ ሰው ሲሄድ አንሺው ለማስረዳት አብሮት አይሄድም። በ2010 በአይዳ ሙሉነህ አማካይነት በአዲስ አበባ እንደ ተጀመረው እንደ አዲስ ፎቶ ፌስት ባለ ስፍራ ሥራውን ለባለሙያ ለማሳየት የሚቀርብ ወጣትም፣ ከፊቱ ያለውን ጥቂት ጊዜ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ሲያስረዳ ቢጨርሰው ባለሙያው ያየውን ሳይሰማ ይነሣል።

ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሰው በወረቀት ይጻፍ። ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ በአንድ ስፍራ ላይ የተደናቀፉ እንደ ሆነ፣ እዚያ ስፍራ ላይ አንድ ነገር አለ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ግን ሦስቱም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ቁረጠው፣ ሁለተኛው አጨልመው፣ ሦስተኛው ጥቁርና ነጭ አድርገው ይሉታል። ሕመሙን ከእነርሱ መስማት፣ መድኃኒቱን ግን ራሱ መፈለግ መብቱ ነው። ከዚህም ጋር የተመረጠውን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊትና በኋላ የተነሡትን አራትና አምስቱን ጭምር ይዞ ቢመጣ መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ከማንሣቱ ሳይሆን ከመምረጡ ላይ ይገኛል፤ የተሻለው ፎቶግራፍ ሳይታይ በስልኩ ውስጥ ተኝቷል።

በመጨረሻ ስለ አንድ ሦስተኛ ወገን መናገር አለብን፤ እርሱም በስብሰባችን ላይ ወንበር የለውም። የተነሣው ሰው ነው። ዶሮቲያ ላንግ በመጋቢት 1936 በካሊፎርኒያ፣ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ፣ አተር ለቀማ ከመጡ ድኾች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። ፎቶግራፉን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በጎኑ በኩል የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አንድ አውራ ጣት ይታይ ስለ ነበር ላንግ በኋላ ከኔጌቲቩ ላይ እንዲደበዝዝ አደረገችው፤ ማድረጓ ትክክል ነው አይደለም ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል። የሴትየዋን ስም ግን ላንግ አልጠየቀችም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ በጋዜጣ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ በ1978 ነው፤ በዚያን ጊዜም ባትነሣ ትወድ እንደ ነበረና ከፎቶግራፉ አንዳች እንዳላገኘች ተናገረች። በ1998 ፊቷ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ፤ እርሷ ግን በ1983 ሞታ ነበር።

በክበባችንም በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡ አረጋውያን፣ በመንገድ ዳር የሚያድሩ ልጆች ፎቶግራፍ በየጊዜው ይመጣል። ስለ ጥላውና ስለ ሽበቱ ብዙ ይነገራል፤ ሰውየው ማን እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ግን አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ብርሃን እንዳይሆን ተስማምተናል። ጥያቄው «አነጋግረሃቸዋል ወይ? ፎቶግራፉንስ አይተውታል ወይ?» የሚል ነው። አንሺው አላነጋገርኋቸውም ያለ እንደ ሆነ ፎቶግራፉ ለዚያ ሳምንት ይቆያል። አንዱን በወረቀት አሳትሞ ይወስድላቸዋል፤ ተቀብለው ከፈቀዱ በሚመጣው ስብሰባ እንደገና ይታያል፤ ስለ ጥላውም ያን ጊዜ እንነጋገራለን።